ለወተት እርባታ የጥራት አማካሪ መቅጠር ያዋጣል ወይ? ስድስት ወር አብረን ከርመን ያየሁት

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷ ኮከብ የቀረችው በፎርክሊፍት ምክንያት ነው፣ ቆይ እደርስበታለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የማማርርባቸው ነገር አለ፣ ሰዎቹ ደሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ስለዚ ስለ አገልግሎቱ ብቻ ላውራ። የሸጡልኝ ነገር "የጥራት አመራርና የቲም ወርክ ፓኬጅ ለወተት እርባታ" የሚባል ነው፣ ለ6 ወር፣ ውስጡ የአለባ ክትትል፣ የማሽን ምርመራ፣ የሰራተኛ ስልጠና፣ የሳምንት ስብሰባ፣ አንድ ትልቅ ፋይልና መጨረሻ ላይ ኦዲት አለው። እኛ 42 የሚታለቡ ላሞች አሉን፣ ባንዴ 6 ላም የሚያልብ ማሽን አለን፣ በቀን ሁለቴ እናልባለን፣ ከኔ ጋር 8 ሰው ነን።

የጠራኋቸው በንዴት ነው፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ ታንክ ወተት አንቲባዮቲክ ተገኘበት ተብሎ ተመለሰብኝ። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ሐኪሙ ቀን ላይ አንዷን ላም ወግቷል፣ ለቀኑ አላቢ ነግሮታል፣ የቀኑ አላቢ ለማታው ሊነግረው አስቦ ነበር ግን ማታው ሳይመጣ ሄደ፣ ማታው ምን ይወቅ፣ አለባት፣ ወተቱ ታንክ ገባ፣ አለቀ። የአንዷ ወተት የ41ዱን ይዞ ጠፋ። እኔ ደሞ የማታውን ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዛ ላይ የሶማቲክ ሴል ቁጥራችን በሚሊ ሊትር 480 ሺህ አካባቢ ነበር የሚውለው። ለማያውቅ ሰው፣ ሶማቲክ ሴል የሚባለው በአብዛኛው ነጭ የደም ሴል ነው፣ ግቷ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ ሊዋጋ የሚመጣ፣ ስለዚ ቁጥሩ ከፍ ካለ የጡት በሽታ አለ ማለት ነው፣ በዓይን ባይታይም። ጤነኛ ላም ከ100 ሺህ በታች ናት፣ ከ200 ሺህ ካለፈች አንዱ ጡቷ ጋ ችግር አለ ብለህ ጠርጥር ይባላል። የአውሮፓ ህብረት የወተት ገደብ 400 ሺህ ነው፣ አሜሪካ እስከ 750 ሺህ ትታገሳለች፣ እኔ ታዲያ ሁሌ የአሜሪካኑን እያሰብኩ ራሴን ሳጽናና ነው የኖርኩት።

በመጀመሪያው ቀን የጠበቅኩት ፕሮጀክተርና ከረባት ነበር። የመጡት አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮና አንድ ወጣት ናቸው። ሴትዮዋ ቡታቸውን አጥልቀው ባንድ እጃቸው ስቶፕዎች ባንድ እጃቸው ደብተር ይዘው ማለቢያው ክፍል ጥግ ላይ ቆሙ። ቆሙ ነው የምላችሁ፣ የጠዋቱን አለባ ሙሉ፣ የማታውን ሙሉ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ። ቦራ በጭራዋ ፊታቸውን ስትገርፋቸው ራሱ በእጅጌያቸው ጠረግ አርገው መጻፋቸውን ቀጠሉ፣ ጭራው ደሞ ንጹህ አልነበረም። ልጆቹ ሰላይ መጣብን ብለው ተሸማቀቁ፣ እኔም በሆዴ ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው እያልኩ ነበር።

በሶስተኛው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። አንድ ገጽ! ከስድስት ወሩ ውስጥ ብሬን ያወጣችልኝ ያቺ ገጽ ናት ብል ማጋነን አይደለም። የያዘችው ላም በላም ሆኖ፣ የአላቢው እጅ ጡቷን ከነካበት ሰዓት ማሽኑ እስከገባበት ድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ነው። ትንሹ 15 ሰከንድ፣ ትልቁ 4 ደቂቃ። እና ምን ይሁን አልኩኝ፣ እሳቸውም ቁጭ አርገው አስረዱኝ።

ላም ጡቷ ሲነካ ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ በደም ተጉዞ ግቷ ጋ ደርሶ ወተቱን ጨምቆ ወደታች የሚያወርደው ግን ከ1 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ስለዚ ማሽኑ ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ባለው ውስጥ ቢገባ ነው ሸጋ። በ15 ሰከንድ ካስገባህ ማሽኑ ታች ያለችዋን ትንሽ ወተት ይስብና ከዛ ባዶ ጡት መጎተት ይጀምራል፣ ያማታል፣ ትራገጣለች፣ አላቢው ይናደዳል ይጮህባታል፣ ስትደነግጥ አድሬናሊን ይመጣና ጭራሽ ወተቷን ትይዛለች። 4 ደቂቃ ካስጠበቅካት ደሞ ሆርሞኑ እየደከመ ነው የምትደርስበት። እኛ ቤት "ክፉ" የምንላቸው ሶስት ላሞች ነበሩ፣ እግር የሚታሰሩ፣ አላቢ ሁሉ የሚሸሻቸው። ወረቀቱ ላይ ሳያቸው ሶስቱም ሁሌ ቀድመው የሚገቡ ላሞች ናቸው፣ አላቢው ገና ሰልፉ እንዳይረዝም ብሎ እየተቻኮለ በ15 በ20 ሰከንድ ማሽን የሚሰካባቸው። ለዓመታት ላሟን ነበር የምንሰድበው!

ቀጥለው ሁላችንንም ለየብቻ ጠሩን፣ አንዲት ላም ከገባች እስክትወጣ የምታደርጉትን በቅደም ተከተል ንገሩኝ አሉ። የምናልበው 5 ሰዎች ነን፣ 5 ዓይነት አለባ ወጣ። አንዱ መጀመሪያ ወተቱን ጨምቆ አይቶ ነው የሚያጸዳው፣ አንዱ አጽድቶ ነው የሚያየው፣ አንዱ ጭራሽ አያይም፣ አንዷ ለአራት ላም አንድ ፎጣ ነው የምትጠቀመው፣ ማለትም የአንዷን ባክቴሪያ ለሶስቱ እያደለች ማለት ነው፣ ማንም ለየላም አንድ ፎጣ ነው ብሎ ስላልነገራት። እኔ ደሞ ተራዬ ሲደርስ በልበ ሙሉነት "እኛ ጋ ሁሉም ላም ከታለበች በኋላ ጡቷ አዮዲን ይነከራል" አልኩ። መልሱ ሲነበብ ትልቁ አላቢያችን አንገቱን ደፍቶ ቆየና

"እትዬ፣ አዮዲኑ እኮ ቀጭን ነው" አለ።

"ማነው ያቀጠነው?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ ቆጥቡ ያሉን? ባለፈው ቶሎ አለቀ ብለው ሲቆጡ ጊዜ ከዛ ወዲህ ግማሽ በግማሽ ውሃ ነው የምንጨምርበት።"

ምን ይባላል። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ፣ የት ቆሜ እንዳልኩት ራሱ ትዝ ይለኛል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጡት መንከሪያ በውሃ ሲቀጥን ባክቴሪያ የመግደል አቅሙ ይወርዳል፣ እኔ በጀሪካን ያተረፍኩ መስሎኝ በላም እየከሰርኩ ነበር።

ሴትዮዋ ያኔ ነው ዴሚንግን ያነሱት። ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለኩባንያ ኃላፊዎችና ለኢንጂነሮች ስለ ጥራት ያስተማረ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነው፣ ከችግሮች 94 በመቶው የአሰራሩ ነው፣ ማለትም የአለቃው ኃላፊነት ነው ብሎ ገምቷል። ግምት ነው፣ ከልምዱ ተነስቶ ያለው እንጂ ሄዶ የለካው አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ይሄ ለሰነፍ ሰራተኛ ሰበብ መስጫ ነው ብዬ ነበር። ያሳመነኝ የዶቃው ጨዋታ ነው።

ይሄም የዴሚንግ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃ ተቀላቅሎ አለ፣ 50 ጉድጓድ ያለው መቅዘፊያ የመሰለ ነገር ይሰጥሃል፣ ሳጥኑ ውስጥ ነክረህ 50 ዶቃ ታወጣለህ፣ ደንበኛው ነጭ ነው የሚፈልገው ቀይ ጥፋት ነው። ሴትዮዋ ክፉ አለቃ ሆነው ተወኑ፣ እንዴት እንደሚችሉበት! የማታው ልጅ 14 ቀይ አወጣ፣ ሰውዬ ትኩረትህ የት ነው ብለው አዋረዱት። የቀኑ 6 አወጣ፣ አጨበጨቡለት፣ ከዚህ ልጅ ተማሩ ተባለ። በሁለተኛው ዙር ተሸላሚው 13 አወጣ፣ ሽልማቱ አበላሸው ተባለ፣ የተሰደበው 8 አወጣ፣ አያችሁ ቁጣ ሰራ ተባለ። ሁላችንም እየሳቅን ነው፣ እኔ ግን ሳቄ እየቀነሰ ሄደ ምክንያቱም አነጋገሩ የኔ ነው፣ ቃል በቃል። አንድ አምስተኛው ቀይ ከሆነ ሳጥን 50 ስታወጣ አማካዩ 10 ነው፣ ብትጸልይም ብትለማመድም 10 አካባቢ ነው። በሶስተኛው ዙር የማታው ልጅ መቅዘፊያውን አስቀመጠና "ቆይ ግን ሳጥኑን የሞላው ማነው?" አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ለዚህች ጨዋታ ብቻዋን አንድ ኮከብ።

ወደ ማሽኑ ልምጣ፣ የመጣው ቴክኒሻን ወሬ አያበዛም፣ ስራውን ግን ያውቃል። እያንዳንዱን ማለቢያ ፐልሴተሩን በመሳሪያ ለካ፣ ፐልሴተር ማለት ጡቱ የሚገባበት ጎማ በደቂቃ 60 ጊዜ ገደማ እየከፈተና እየዘጋ ጡቱን እንዲያሳርፍ የሚያደርገው ክፍል ነው። 4ኛው ማለቢያ ላይ ያለው እየተጣበቀ በደንብ አይዘጋም፣ ጡቱ እረፍት ሳያገኝ ቫኪዩም (የማሽኑ መሳቢያ ኃይል) ላይ ይከርማል ማለት ነው። አሁን ስሙኝ፣ እኛ ከስንት ጊዜ ጀምሮ አንዳንድ ላሞች የጡታቸው ጫፍ እንደ ኪንታሮት እየሻከረ ሲመጣ "የማታው ልጅ እጁ ሻካራ ነው፣ ማሽን ቶሎ አያወጣም" እንል ነበር። የማታው ልጅ የሚቆመው ደሞ ከ4 እስከ 6 ያሉት ማለቢያዎች ጋ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበል፣ ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የጎማውን ሂሳብ ለራሳችሁም ስሩት፣ ነጻ ነው። ተራ ጎማ ወደ 2,500 አለባ ነው እድሜው። እኛ 42 ላም በቀን ሁለቴ 84 አለባ ነው፣ ለ6 ማለቢያ ስታካፍለው ባንዱ ላይ በቀን 14፣ 2,500ን ለ14 ስታካፍል 178 ቀን፣ በግምት ስድስት ወር። የኛ ጎማ 14 ወር ሆኖታል። ያረጀ ጎማ ይላላል ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ባክቴሪያ ይቀመጣል፣ ብታጥበው አይወጣም። የሚቀየርበትን ቀን ማን ይከታተል ነበር? ማንም። አሁን ቀጣዩ ቀን ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ኃላፊው ደሞ የቀኑ አላቢ ነው፣ እኔን ሳይጠይቅ ያዛል።

ከቁጥር ጋር የነበረኝ ጠብ ሌላ ነው። በየሳምንቱ የታንኩ ሴል ቁጥር ሲመጣ ከወረደ ልጆቹን አመሰግናለሁ ከወጣ እቆጣለሁ፣ ይሄ ነበር የኔ ማኔጅመንት። ወጣቱ አማካሪ (ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው ልጁ) የአንድ ዓመት ቁጥር ሰብስቦ ግራፍ ላይ አሰፈረው፣ መሃል ላይ አማካዩን፣ ከላይና ከታች ሁለት የገደብ መስመር አርጎ፣ ዋልተር ሸዋርት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው ዘዴ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከመስመር የወጣው ሁለቴ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ የሚዋዥቅ ነው፣ ማለትም በ50ው ሳምንት የተቆጣሁትም ያመሰገንኩትም ነፋስን ነው። ሁለቱ የወጡት ሳምንታት ሙቅ ውሃ የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ፣ የመታጠቢያው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ የማሽኑ ስብ አልለቀቀም ነበር፣ ታንኩ ላይ ባክቴሪያውም ያኔ ወጥቷል።

ታዲያ ቁጥሩ ከመስመር ባይወጣም አማካዩ ራሱ 480 ሺህ ነው፣ ይሄን ለማውረድ ደሞ የትኞቹ ላሞች እንደሆኑ ማወቅ ነበረብን። አራት ሳህን ያለው የሲኤምቲ መመርመሪያ ገዛን፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከየጡቱ ትንሽ ወተት ጨምቀህ ሐምራዊውን ፈሳሽ ጨምረህ ታዟዙረዋለህ፣ ሴሉ ብዙ ከሆነ እንደ ንፍጥ ይወፍራል። ከ42ቱ አራቱ ላሞች ናቸው ጉዱን የሚሰሩት። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ አንዲት 3 ሚሊዮን ሴል ያላት ላም ከሌሎቹ እኩል ወተት ከሰጠች ለ42 ስታካፍለው ብቻዋን የታንኩን ቁጥር በ70 ሺህ ትሰቅለዋለች።

ከአራቱ አንዷ ቦራ ናት። ቦራን እኔ ነኝ በእንገር ያሳደግኳት፣ እናቷ ስትሞትባት በጡጦ። አምስት ጊዜ ወልዳለች፣ ከቤቱ አንደኛ ወተት የምትሰጥ እሷ ናት፣ በበሩ ስገባ ድምጼን ለይታ የምትጮህ። የኋላ ቀኝ ጡቷ ስትዳብሰው ውስጡ ጠንከር ያለ እብጠት አለው፣ ላቦራቶሪ ሲላክ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ተባለ፣ ይሄ ባክቴሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቶ እየተደበቀ መድኃኒት ብዙም አይደርስበትም፣ በተለይ የቆየ ከሆነና ላሟ ከገፋች። በአላቢ እጅና በማሽን ደሞ ወደሌላዋ ይተላለፋል። ሴትዮዋ ሽጪያት አላሉኝም፣ ግራፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው "ውሳኔው የቤቱ ነው" ብለው ወጡ፣ ቢሉኝ ይሻል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከሁሉም ላሞች መጨረሻ ላይ ለብቻዋ ስትታለብ ቆየች፣ ከዛ ከመንጋው ወጣች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የአንቲባዮቲኩ ነገር እንዴት ተፈታ ለምትሉኝ በቀይ ማሰሪያ ነው። ሐኪምም ሆነ ሌላ ሰው መድኃኒቱን ከመክፈቱ በፊት የላሟ ሁለቱም የኋላ እግር ላይ ቀይ ማሰሪያ ያስራል፣ ከዛ ዋይትቦርዱ ላይ የላሟን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ስምና ወተቷ መቼ ታንክ እንደሚገባ ይጽፋል፣ ከዛ ነው የሚወጋት። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ፣ ድሮ ከወጋን በኋላ ነበር እንጽፋለን የምንለው። ጃፓኖቹ ፖካ ዮኬ ይሉታል፣ ሰው ይረሳል ብለህ ስራውን እንዳይረሳ አርገህ መስራት፣ ሺጌዮ ሺንጎ የሚባል ኢንጂነር ነው ስሙን ያስተዋወቀው። ይሄን ቦታ የመረጡት ደሞ ሀሳፕ በሚባለው መንገድ ነው፣ አደጋው የት ላይ ነው፣ የት ላይ ልይዘው እችላለሁ እያልክ የምትሄድበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለናሳ ጠፈርተኞች ምግብ ሲዘጋጅ የተጀመረ ነው። ለጠፈርተኛ የታሰበው እኛ ፍግ መሃል ገባ። ከወር በፊት የማታው ልጅ ማሽን ሊሰካ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ሲያይ "ኧረ ቁም!" ብሎ ራሱ ላይ የጮኸውን ጩኸት ቤት ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ቲም ወርኩ ላይ፣ የቅዳሜው ስብሰባ 15 ደቂቃ ነው፣ ቆመን ነው የምናደርገው፣ አንድ ህግ አለው፣ ባለቤቷ መጨረሻ ላይ ነው የምትናገረው። ለኔ ከባድ ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልተነፈሰም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። በሁለተኛውም ያው። ሴትዮዋ እንድታገስ ነገሩኝ፣ ሰው ሲናገር ተቆጥተሽ ከሆነ የኖርሽው ባንድ ቅዳሜ አያምንሽም አሉኝ። በሶስተኛው ቅዳሜ ጥጃ የምታሳድገው ልጅ በጣም ቀስ ብላ "ማታ የሚወለዱት ናቸው የሚታመሙብኝ" አለች። እንዴት አልናት፣ ደብተሯን አወጣች፣ ለካ ከዓመት በላይ ለራሷ ስትጽፍ ነበር፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጥጃ ስትወለድ መከላከያ የሚሆናት አንቲቦዲ በደሟ የለም ማለት ይቻላል፣ ከእንገሩ ነው የምታገኘው፣ አንጀቷ ደሞ እሱን የሚቀበለው ለ24 ሰዓት ገደማ ነው፣ በየሰዓቱ እየቀነሰ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ናቸው ወርቁ። መጠኑ ከክብደቷ 10 በመቶ ያህል ነው፣ 40 ኪሎ ለሆነች ጥጃ 4 ሊትር። እኛ ጋ ማታ የተወለደችውን የማታው ሰው ጥጃ የቀኗ ልጅ ስራ ነው ብሎ ይተዋታል፣ ልጅቷ ጠዋት ስትመጣ ጠብታለች ብላ ታስባለች። የማንም ጥፋት አይደለም፣ የማንም ስራ ስላልነበረ ነው። አሁን ስትወለድ ያየ ሰው ያጠባል፣ ሰዓቱን ይጽፋል፣ አበቃ። የጥጃ ተቅማጥ እንዴት እንደቀነሰ ደብተሯን ማየት ነው፣ ገጾቹ ባዶ እየሆኑ መጥተዋል። የቀንና የማታው ፈረቃ ደሞ 15 ደቂቃ ተደራርበው ዋይትቦርዱ ፊት ቆመው ይረካከባሉ፣ ለዚች 15 ደቂቃ ተጨማሪ እከፍላለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

እሺ አሁን ምሬቱ። አንደኛ አፕሊኬሽኑ። በስልክ ሁሉንም ነገር መዝግቡ ተባለ፣ እጅህ በጓንት ነው፣ ጓንቱ እርጥብ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ አንድ ላም ለመመዝገብ ስድስት ቦታ መጫን አለብህ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ስልክ ፍግ ውስጥ ገባ፣ ከዛ በኋላ ማንም አልነካውም። ዋይትቦርድና ማርከር አሸነፈ። ይሄ አፕ ግን ፓኬጁ ውስጥ ተከፍሎበታል።

ሁለተኛ የቲም ግንባታ ቀን የሚሉት። ገመድ ጉተታ፣ ዓይን ሸፍኖ መመራራት ምናምን። ልጆቹ ተዝናንተዋል አልክድም፣ ግን ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው የማታው አለባ በስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቀም! ሁለት ሰዓት ዘገየን፣ ላሞቹ ግታቸው ተወጥሮ በር ላይ ተሰብስበው እየጮሁ፣ የአንዳንዶቹ ወተት መሬት ላይ እየተንጠባጠበ። ስለ ስራ ሰዓት ሊያስተምር የመጣ ሰው! ሴትዮዋ የዛን ቀን አልነበሩም፣ ሲሰሙ ፊታቸው ነው የጠቆረው።

ወጣቱ ደሞ "ጥራት የሁላችንም ኃላፊነት ነው" የሚል ትልቅ ፖስተር አምጥቶ በረቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ "የወሩ ምርጥ ሰራተኛ" እንምረጥም አለ። እኔም አሁን ትንሽ አውቄያለሁ አይደል፣ ዴሚንግ ራሱ ከ14ቱ ነጥቦቹ 10ኛው መፈክር ይቅር የሚል ነው፣ ሰውን እያወዳደሩ ደረጃ ማውጣትንም አጥብቆ ነው የሚቃወመው፣ ከዶቃው ጨዋታ በኋላ እንዴት ይሄን ታመጣለህ ብዬ ጠየቅኩት፣ "ስታንዳርድ ፓኬጁ ላይ ስላለ ነው" አለኝ። ፖስተሩን ጥጃ በላችው፣ ቢያንስ ግማሹን።

ፋይሉ። ይሄ ነው ኮከቧን የወሰደው። 140 ገጽ የአሰራር መመሪያ፣ በሚያምር ሽፋን። ለአለባ፣ ለእጥበት፣ ለመኖ፣ ለሁሉም ቼክሊስት አለው። ማታ ማታ እያነበብኩ 63ኛው ገጽ ላይ ስደርስ "ከጭነት በፊት የፎርክሊፍት አሽከርካሪው ፊርማ" ይላል። ፎርክሊፍት! እኛ ያለን ባለ አንድ ጎማ የፍግ ጋሪ ነው። ሌላ ቦታ ደሞ "የማሸጊያ መስመር ሱፐርቫይዘር"። የሆነ ፋብሪካ የተሸጠ ፋይል ነው ሽፋኑ ተቀይሮ የመጣልኝ፣ ያቺን አንድ ገጽ በስቶፕዎች የሰሩልኝ ሰዎች ናቸው ብሎ ማመን ያቅታል። ቅሬታ አቀረብኩ፣ አስተካክለው መለሱት፣ ፎርክሊፍቱ ወጥቷል፣ የማሸጊያው ሱፐርቫይዘር ግን አሁንም አለ።

በመጨረሻ የምንሰራበት መመሪያ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉት ነው። አንድ ገጽ፣ በፕላስቲክ ተለብዶ ማለቢያው ክፍል የተሰቀለ፦ ጓንት፣ ከየጡቱ ሶስት አራት ጭመቅና እይ፣ ንከር፣ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ በራሷ ፎጣ ጥረግ፣ ማሽን አስገባ፣ ቫኪዩም ዘግተህ አውጣ፣ ንከር። ከአለባ በኋላ ትኩስ መኖ ገንዳው ላይ ይጠብቃቸዋል፣ ቆመው እንዲበሉ፣ የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፍግ ላይ ባይተኙ ይመረጣል። ይሄን የመኖ ሀሳብ ያመጣው መኖ አቅራቢያችን ነው፣ ድሮ ከአለባ በፊት ነበር የሚጥለው። ሁለቴ አሻሽለውታል ገጹን፣ ለምሳሌ መጀመሪያ "ማሽን አስገባ" ብቻ ነበር፣ አሁን ሰልፉ እንዳያስቸኩላቸው ሶስት ሶስት ላም እያዘጋጁ ነው የሚሄዱት፣ ሶስተኛዋን ሲጨርሱ የመጀመሪያዋ ደቂቃዋን ሞልታለች።

ውጤቱን ትጠይቁኛላችሁ፣ የታንኩ ሴል ባለፉት ሁለት ወራት ከ200 እስከ 230 ሺህ መሃል ነው፣ ታንክ አልተመለሰብንም፣ ከሶስቱ "ክፉ" ላሞች ሁለቱ እግራቸው አይታሰርም፣ ሶስተኛዋ እውነትም ክፉ ናት።

ለመጨረሻው ኦዲት ሴትዮዋ ሲመጡ የማታው ልጅ በሩ ላይ አስቆማቸው፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ቡትዎን ሳይነክሩ አይገባም" አለ፣ ጎንበስ ብለው ነከሩ፣ ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ፣ ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም።

ኮንትራቱን አላደስኩም። ለመዋዋል ያሰባችሁ ካላችሁ ሙሉውን ፓኬጅ አትግዙ፣ የአለባ ክትትሉንና የማሽን ምርመራውን ለብቻ ይሸጣሉ፣ ስብሰባውን ለማስጀመር ሁለት ወር ይበቃል፣ አፑንና የገመድ ጉተታውን አስቀንሱ። ፋይሉን ሲሰጧችሁ ደሞ ከመፈረማችሁ በፊት ፎርክሊፍት የሚል ቃል ፈልጉበት።